«ወደ ቤት ውሰዷቸው» ከተባለ በኋላ

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በተዘረጋችው በወላይታ ሶዶ፣ ከገበያው ግርግርና ከባጃጁ ሁካታ ፈቀቅ ብሎ በአንድ ሆስፒታል በር አጠገብ የሚቆምና ወጪ ገቢውን የሚያስተውል ሰው፣ ከሚገቡት ሕሙማን ይልቅ ከሚወጡት አንዳንዶቹ ልቡን ይነኩታል። የዳኑት በእግራቸው ሲሄዱ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን የታቀፉት በእልልታ ሲሸኙ፣ ከመካከላቸው አንዲት እናት በጋቢ ተሸፋፍነው፣ በሁለት ልጆች ትከሻ ተደግፈው ቀስ እያሉ ይወጣሉ፤ ከኋላቸው የምትከተለው ልጅ በአንድ እጇ የራጅ ፖስታ፣ በሌላው ሳህንና ፔርሙስ የያዘ ዘንቢል አንጠልጥላለች። በፖስታው ውስጥ ሐኪሙ በሙያው ቋንቋ የጻፈው ወረቀት አለ፤ ለቤተ ሰቡ በቃል የተነገረው ግን አጭር ነው፦ «ከእንግዲህ የሚደረግላቸው የለም፤ ወደ ቤት ውሰዷቸው።»

ሐኪሙ ይህን የሚለው ከጭካኔ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ አልጋው ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም፣ የደዌውም ሥር ከቢላዋና ከመድኃኒት በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሰፊ ማብራሪያ ለመስጠት ጊዜም ጉልበትም ያጥረዋል። ሆኖም «የሚደረግላቸው የለም» የሚለው የንግግሩ ክፍል ስሕተት መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባል፤ ሕመሙ የማይድን ቢሆንም ሥቃዩ ሊበርድ፣ ቁስሉ ሊጠረግ፣ ትንፋሹ ሊቀል፣ ነፍስም ልትጽናና ትችላለችና፤ ይህም ሁሉ ራሱን የቻለ የሕክምና ሙያ ነው። ሆስፒስ የሚባለው፣ በአገራችንም የማስታገሻ ሕክምና ተብሎ የሚጠራው አገልግሎት የሚቆመው በዚህ ሙያ ላይ ነው። በአንዳንድ ሀብታም አገሮች ቤተ ሰቡ ከብዙ ሆስፒሶች መካከል አማርጦ አንዱን ይይዛል፤ በሶዶ ምርጫው መልኩ ሌላ በመሆኑ፣ ብዙዎች ጭራሽ ምርጫ የሌላቸው ይመስላቸዋል።

ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጓሮው በእንሰት በተከበበ አንድ ቤት፣ እንዲህ ካለው ስንብት በኋላ የተደረገ የቤተ ሰብ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። እናቲቱ የማኅፀን በር ካንሰር ያደረባቸው፣ ደዌውም ከመነሻው አልፎ ወደ ወገባቸው የዘለቀባቸው ነበሩ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝተው ስለ ነበር የተሰበሰበው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነጋገር ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው የበኵር ልጃቸው፣ «ጥቁር አንበሳ ሳናደርሳቸው እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ ነገ ሰው ምን ይለናል?» እያለ መኪና እንዲፈለግ አጥብቆ ይጠይቃል፤ የእናቲቱ ወንድም የሆኑት ሽማግሌ ለመንገዱና ለአልጋው ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ይሸጥ ይላሉ፤ አማቹ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ትቶ በጸሎት መጽናት ይሻላል ይላል። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነበር፤ አንዱም ሌላውን ሊያሳምን አልቻለም። በመጨረሻ እናቲቱን ሌሊት ሌሊት የምታስታምመው ታናሺቱ ልጅ፣ ቡናውን ቀድታ ከጨረሰች በኋላ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እናንተ የምትነጋገሩት ስለ መንገዱ ነው፤ እኔ የቸገረኝ ሌሊቱ ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሕመሙ ሲነሣባት ምን ልስጣት? ማንንስ ልጥራ?» ብላ ጠየቀች። ለጥያቄዋ መልስ ያለው ሰው በቤቱ አልነበረም።

እኔ በበኩሌ የሚወዱትን ሕሙም የሚያስታምም ተቋም መምረጥ ማለት ለዚህች ልጅ ጥያቄ መልስ ያለውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው ብዬ አምናለሁ። የሕንፃው ማማር፣ የሐኪሙ ዝና፣ የከተማው ትልቅነት ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ድውያንን መጠየቅና ማስጠጋት ለሃይማኖት ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን በጸሎቷ ስሙን የምታነሣው ቅዱስ ባስልዮስ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሳርያ ዘቀጰዶቅያ ኤጲስ ቆጶስ ሳለ፣ ከከተማው ውጭ ለሕሙማን፣ ለለምጻሞችና ለእንግዶች የሚሆን ትልቅ ማረፊያ አሠርቶ ነበር። በዘመናችን ይህን ርኅራኄ ከሕክምና ጥበብ ጋር ያጋባችው ግን እንግሊዛዊቱ ሲስሊ ሳንደርስ ናት። እርሷ አስቀድማ ነርስ፣ ቀጥላ የሕሙማን ማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ውስጥ በካንሰር የሞተ ዴቪድ ታስማ የሚባል አንድ ፖላንዳዊ ስደተኛ፣ እንዲህ ላሉ ሕሙማን ለሚሠራ ቤት መነሻ ይሁን ብሎ 500 ፓውንድ ተናዞላት ነበርና፣ ከ19 ዓመት ድካም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን በለንደን ከፈተች። ትምህርቷም ይህ ነበር፦ በሞት አፋፍ ያለ ሰው ሕመሙ የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የልብ ኀዘን፣ የቤተ ሰብ ጭንቀት፣ የመንፈስም ጥያቄ አብረው ያሙታልና አንዱን ብቻ የሚያክም ሐኪም ሕመሙን በሙሉ አላከመም።

የድኻ አገር ሕዝብ ይህን እንዴት ይችለዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ የተገኘው ከዑጋንዳ ነው። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 በካምፓላ ሆስፒስ ሲያቋቁሙ፣ ትልቅ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ቅመምና ብርታቱን የሚያሳውቅ ቀለም ተጨምሮበት፣ በጠርሙስ ተሞልቶ ወደ ሕሙማን ቤት የሚሄድበትን መንገድ ዘረጉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮም በዚያ አገር በተለይ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ሕጉ ፈቀደ። በእኛም አገር ነርሷ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ መሠረቱ፤ ነርሶቹ ወደ ሕሙማን ቤት እየሄዱ ያለ ክፍያ ያስታምማሉ፣ ለጤና ባለሙያዎችም ሥልጠና ይሰጣሉ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የማስታገሻ ሕክምና ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። እንግዲህ ዕውቀቱ በአገር ውስጥ አለ፤ ችግሩ ሶዶ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መራቋ፣ ከሶዶም ወዲያ ኪንዶ ዲዳዬንና ኦፋን የመሰሉ ወረዳዎች መኖራቸው ነው።

ስለዚህ በወላይታ ያለ ቤተ ሰብ የሚመርጠው በእጁ ካለው ነው። በከተማዋ ሰዉ እስከ ዛሬ «ኦቶና» እያለ የሚጠራው፣ አሁን የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ሆስፒታል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አለ፤ በየወረዳው ጤና ጣቢያ፣ በየቀበሌውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ከእነዚህ ወደ የትኛውም የሚሄድ ቤተ ሰብ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ በሚገባ ቃል፣ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ለሕመሙ ሞርፊን ቢያስፈልጋቸው እዚህ ይገኛል ወይ? ለስንት ቀን ትሰጡናላችሁ? ሲያልቅስ ሕሙሟን ሳናመጣ ከቤተ ሰብ አንዱ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ መውሰድ ይችላል ወይ?» የኋለኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ሰዓት በቃሬዛ፣ ሁለት ሰዓት በመኪና ለምትመጣ በሽተኛ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ስለ ሞርፊን ሲነሣ ብዙ ሰው ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከአስታማሚው እስከ ባለሙያው ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የሕመም ማስታገሻ ሥርዓት ሦስት ደረጃ አለው፤ ቀላሉ ሕመም በፓራሲታሞልና በመሰሎቹ፣ መካከለኛው በኮዴይን ወይም በትራማዶል፣ ብርቱው ደግሞ በሞርፊን ይታከማል። ብርቱ የካንሰር ሥቃይ ያለበትን ሰው በዲክሎፌናክ መርፌ ብቻ ማሰንበት ሥርዓቱን ማጓደል ነው። ሞርፊን በአፍ የሚወሰድ፣ በሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ፈሳሹ እንደ ታዘዘው በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል እንጂ ሕሙሙ እስኪጮኽ አይጠበቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ ሆድ ማድረቁ ግን አብሮ ስለሚቈይ፣ ሞርፊን አዝዞ ሆድ የሚያለሰልሰውን መድኃኒት ያላዘዘ ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም። በሐኪም መጠን ለሥቃይ የሚወሰድ ሞርፊን ሱሰኛ ያደርጋል፣ ሞትንም ያፋጥናል የሚለው ወሬ ስንት ሰው በከንቱ እንዲሠቃይ አድርጓል! እርግጥ መድኃኒቱ ብርቱ ነው፤ ከልጆች ተሰውሮ፣ ተቆልፎበት ይቀመጥ፤ መጠኑንም ቤተ ሰቡ በራሱ አይጨምር፣ አይቀንስ።

የአደንዛዥ ዕፆችን ንግድ ለመግታት እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ራሱ በመግቢያው፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የማይታለፉ መሆናቸውንና አቅርቦታቸውም ሊረጋገጥ እንደሚገባ ይመሰክራል። ሆኖም «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰየመ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስታወቀው፣ በዓመት በዓለም ላይ ከሚከፋፈለው 298.5 ሜትሪክ ቶን ሞርፊንና ሞርፊን መሰል መድኃኒት ውስጥ ለድኾቹ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በየዓመቱ የማስታገሻ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚያገኙት 14 ከመቶ ገደማ እንደ ሆኑ ይናገራል። በቦዲቲ መንገድ ዳር ያለችው ልጅ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የምትሰጠው ያጣችው፣ ጠርሙሱ ከእርሷ ቤት ሳይደርስ በመንገድ ላይ ብዙ በሮች ስለ ተዘጉበት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐዋሳ እንውሰዳቸው የሚለውን የበኵር ልጅ አሳብ በጅምላ ልንቃወመው አይገባም። አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ የማይድን ቢሆን እንኳ ረጅሙ መንገድ የሚያስገኘው ጥቅም አለ፤ ለምሳሌ በማኅፀን በር ካንሰር ብርቱ ደም የሚፈሳትን ሴት፣ ወይም አጥንቱ ውስጥ በገባ ካንሰር የሚሠቃየውን ሰው፣ አጭር የጨረር ሕክምና ደሙን ሊያቆምላት፣ ሥቃዩን ሊያበርድለት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «እንሂድ ወይስ እንቅር?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ «ይህ ጉዞ ያድናቸዋል ወይስ ያሳርፋቸዋል? ወረፋው ስንት ጊዜ ይፈጃል? ባንሄድስ ምን ይቀርባቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ሐኪሙ ለሦስቱ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ የረባ ጥቅም ካላሳየ፣ በሬ ሸጦ መንገድ መጀመር እናትን ከደጃቸው፣ ከቋንቋቸውና ከነፍስ አባታቸው ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቻቸው ነጥሎ በማያውቁት ኮሪደር ማስቀመጥ ይሆናል፤ ሕይወታቸው በዚያ ካለፈም ቀሪው ገንዘብ ሬሳ ለማጓጓዝ ይውላል። ነገ ሰው ምን ይላል የሚለው ፍርሃት በዚህ ጉባኤ ድምፅ ሊሰጠው አይገባም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተ ሰብ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ያለውን የሪፈር ወረቀት በጥንቃቄ ይያዝ፤ ወረቀቱን የዘለለ ሰው ከመድኑ ሊጠቀም የሚችለውን ያጣል።

ቤት መቅረት ከተመረጠ፣ አስታማሚዋ መማር ያለባት ብዙ ነገር አለ፤ በጎ ተቋም የሚታወቀውም ይህን ለማስተማር በሚሰጠው ጊዜ ነው። በራሷ መገላበጥ የማትችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗ ይቀየር፤ ከአንሶላው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፤ አንሶላው ሳይጨማደድ ይዘርጋ፤ የደረቀ ከንፈር በንጹሕ ርጥብ ጨርቅ ይዳሰስ። የሚሸት ቁስል፣ ጠያቂን የሚያርቀውና በሽተኛዋን በኀፍረት የሚያደቅቃት ያ ቁስል፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ታጥቦ፣ ባለሙያ በሚያዘው መሠረት የሜትሮኒዳዞል ክኒን ተፈጭቶ ሲነሰነስበት ሽታው በጥቂት ቀን ይቀንሳል። ይህን ዋጋው የረከሰ ጥበብ የሚያውቅ ነርስ ባለበት ጤና ጣቢያ መታከም፣ የማያውቅ ስፔሻሊስት ካለበት ትልቅ ሆስፒታል ይሻላል ብል አላፍርም። ምግብም እንዲሁ ነው፤ እኛ ፍቅራችንን የምንገልጸው በጉርሻ ስለ ሆነ፣ መብላት ያቆመን ሕሙም አጥሚቱን፣ ወተቱን ካልጠጣህ ብለን እናስጨንቃለን፤ በመጨረሻው ሰሞን ሰውነት ምግብ መተዉ ግን የደዌው ሂደት ነውና፣ የፈለገውን ጥቂት መስጠት፣ ያልፈለገውን አለማስገደድ ደግነት ነው።

ስለ እውነት መናገርም ልጨምር። በአገራችን ልማድ መርዶው ለበሽተኛው አይነገርም፤ ሐኪሙ ቤተ ሰቡን ወደ ጥግ ጠርቶ ያነጋግራል፣ ልጆቹም ለእናታቸው «ጨጓራ ነው አሉ» ይላሉ። አሳቡ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን በሽተኛዋን ከራሷ ሕይወት ጉባኤ ያስወጣታል። ንስሐ መግባት፣ ቀንዲል መቀባት፣ ሥጋ ወደሙ መቀበል የምትሻ ነፍስ፣ ወይም የጉባኤዋን ሽማግሌዎች ጠርታ ልትጸልይ የምትወድ እናት፣ የተጣላችውን እኅቷን ልትታረቅ የምትፈልግ ሴት፣ ጊዜው መቅረቡን ካልነገሯት በምን ታውቃለች? መሬትና ቤትም አለ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል፣ ይህንንም ለማድረግ አእምሮ ያልደከመበት ሰዓት ያስፈልጋል። ሁሉን በአንድ ቀን ማፍሰስ ግድ አይደለም፤ «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ በትሕትና የሚጀምር ነርስ ካለ፣ ያን ነርስ አጥብቆ መያዝ ነው።

ወላይታ ለዚህ ሥራ ባዶ እጇን አይደለችም። ቀዩን አፈር በባዶ እግር በመርገጥ የሚመጣው የእግር ዝኆኔ ያጠቃቸውን ወገኖች ለማከም እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ የተጀመረው ሥራ፣ በሽተኛው ከተማ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወደ ገጠሩ እየወጣ፣ ሰዎች እግራቸውን በየቀኑ በሳሙና እንዲያጥቡና ጫማ እንዲጫሙ እያስተማረ ብዙዎችን ከኀፍረት አውጥቷል፤ ሥር የሰደደን ደዌ በቤትና በሰፈር ማስታመም እንደሚቻል ይህ በዓይን የታየ ምስክር ነው። ዕድሩም አለ፤ በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያሉ ሕሙማንን መርዳት ጀምረው ነበር። ለልቅሶ በዱቡሻ፣ በሰፈሩ መሰብሰቢያ ሜዳ፣ የሚሰበሰበው ሕዝብ፣ ለድንኳን ከሚያዋጣው ጥቂቱን አስቀድሞ ለላስቲክ፣ ለሳሙናና መድኃኒት ሊያመጣ ለሚሄደው ልጅ መሳፈሪያ ቢያውለው፣ ሌሊቱን በየተራ የሚያድር ሰውም ቢመድብ፣ ታናሺቱ ልጅ ብቻዋን አትደክምም። ቤተ ሰብ አስታማሚውን ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ሳያስተውል ያላገባችውን ልጅ ይመርጣል፤ ትምህርቷን ታቋርጣለች፣ እንቅልፏን ታጣለች፣ ከቀብሩ በኋላም ማንም ስለ እርሷ አይጠይቅም። ይህ ፍትሕ የጎደለው ልማድ ነውና ይቅር።

የሶዶ ሆስፒታሎችን የምታስተዳድሩ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጤናው ሥራ ኃላፊነት ላይ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ «ወደ ቤት ውሰዷቸው» የምትሉት ቤተ ሰብ ከበሩ ሲወጣ፣ ከራጁ ፖስታ ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ስጡት፤ በወረቀቱም ላይ የመድኃኒቱ ስምና ሰዓት፣ ሲያልቅ የሚሞላበት ስፍራ፣ ሌሊት ቢደወል የሚያነሣ የአንድ ነርስ ስልክ ቁጥር ይጻፍበት። አንባቢ ሆይ፣ አንተም የምትወደውን ሰው ደግፈህ ከዚያ በር የምትወጣበት ቀን ቢመጣ፣ ይህን ወረቀት ሳትቀበል አትውጣ።